ዳንቴል የለበሰው ዋይፋይ

ዋይፋዩ መጥፋት የጀመረው የልጄ እርግዝና ስድስት ወር ሲሞላው ነው። ጠፍቶ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ሰው ቁርጡን ያውቃል። እሱ ግን መብራቶቹን በአንዴ ድርግም ያደርግና ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ አንድ በአንድ እያበራ፣ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ይጠፋል። ሁለት ቀን ደግሞ ጨዋ ሆኖ ይውላል።

ልጄ ያለችው ከባሕር ማዶ ነው። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ዕረፍቷ ሐሙስ ስለሆነ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ትደውላለች፤ የምትደውለውም በዚሁ በዋይፋዩ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ዋይፋዩ ነን። ያስገባችልኝም እሷ ናት፣ ልትሄድ ሰሞን፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። ሳሎን ጥግ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና «እማ፣ ይቺ መብራት አረንጓዴ ከሆነች እኔ አለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ፊደል አላውቅም ነበርና በቀለም ነው ያስረዳችኝ።

እኔም እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኩት። አቧራ እንዳይገባበት በአሥራ ሦስት ዓመቷ የሠራችውን ዳንቴል አለበስኩት፤ በላዩ ላይ ፎቶዋን አቆምኩ። መጥፋት ሲጀምር፣ አቧራው በዳንቴሉ ቀዳዳ አልፎ ይሆናል ብዬ ፎጣ ጨመርኩለት፤ መብራቶቹ የሚታዩበት ትንሽ ክፍተት ብቻ ተውኩ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ስልክ ዘግቼባታለሁ። ማርገዟን የነገረችኝ ቀን ነው።

«ከማን?» አልኳት።

«ከአንድ ሰው።»

«ሰው መሆኑንማ መች አጣሁት!» አልኩና ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ስድስት ሳምንት አልደወለችም። በመጨረሻ እኔው ደውዬ ለመንኳት። ይቅር አለችኝ፤ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ሁለተኛ ከዘጋሽብኝ እኔም ሁለተኛ አልደውልም። ልጅ ይዤ ደጅ አልጠናም።»

«አልዘጋብሽም፣ በአባትሽ አፅም» አልኳት።

ስለዚህ ዋይፋዩ ድርግም ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ድርግም ይላል። አንድ ሐሙስ ልንሰነባበት ስንል ጠፋብን። መልሳ ስትደውል «ባትሪዬ አልቆ ነው» አልኳት። ተበላሽቷል ብላት አዲስ ልግዛልሽ ትላለች፤ እሷ ለሕፃኑ ትያዘው ብዬ ነው። ውሸቴ ትንሽ ነበረች፤ ያኔ ምንም አልመሰለችኝም።

ከመንገዱ ጫፍ ጋሽ ሽቦ አሉ። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፣ አሁን የመጣውን ሁሉ ይጠግናሉ። ሽቦ የተባሉት በሥራቸው ይሁን በቅጥነታቸው የሚያውቅ የለም።

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉኝ።

«ደስ ሲለው።»

«እሱማ የባለቤቴም መልስ ነው። ቀን ንገሪኝ፣ ሰዓት ንገሪኝ። ጻፊው።»

«ጋሽ ሽቦ፣ እኔ እኮ ፊደል ከቆጠርኩ ገና አራት ወሬ ነው!»

«ታዲያ ድርሰት ጻፊ አልኩሽ? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየተሠራ እንደነበር። በቃ።»

የጎልማሶች ትምህርት የተመዘገብኩት ልጄ ማርገዟን ከነገረችኝ በኋላ ነው። አልነገርኳትም። ሕፃኑ ተወልዶ ስሙን በስልክ ጽፋ ስትልክልኝ፣ ማንንም ሳልለምን ራሴ ላነበው ነበር ሐሳቤ። ስሙን አንብቤ ልደውልላት። እሷ ስትደነግጥ ልስቅ።

ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። «ሰኞ። ሦስት ሰዓት። ጠፋ። ፍሪጅ።» አንዷን መስመር ለመጻፍ ከጠፋበት ደቂቃ በላይ ይፈጅብኛል፤ ጽፌ ቀና ስል ዋይፋዩ ተመልሶ ይጠብቀኛል። በመጀመሪያ ፍሪጁን ጠረጠርን። ጋሽ ሽቦ የፍሪጁንና የዋይፋዩን ሶኬት አለያዩልኝ። ጠፋ። ቻርጀሩ አርጅቷል ብለው ሌላ ሰጡኝ። ጠፋ። ነቅለሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪና ሰኪው አሉኝ። እኔ እንዳልሳሳት ስድሳ ቆጠርኩለት። በማግስቱ ጠፋ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ደብተሩ ላይ «ስልክ ሳወራ» የሚሉትን መስመሮች አይታ ሳቀች። «አንቺ፣ ይሄማ ቁርጥ ሟቹ ባሌ ነው። ወሬ ሲረዝምበት ይተኛል!»

ሳቅኩ። ነገሩን ማስተዋል ነበረብኝ፣ ግን ሳቅኩ።

ያቺ ሐሙስ ስትመጣ ልጄ ሰባት ወሯን ጨርሳ ነበር። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደወለች። ድምጿ ወፍሯል።

«ጉንፋን ይዞሻል» አልኳት።

«አዎ፣ ጉንፋን ነው» አለች። ቀጥላም «እማ፣ አንቺ አውሪኝ። ዝም ብለሽ አውሪ» አለችኝ።

አውሪ ከተባልኩ መች አንሳለሁ! ልብስ ሰፊዋ ከደንበኛዋ ጋር ስለተጣላችው ጠብ አወራኋት። ስለሚያንጠባጥበው የቧንቧችን ውኃ አወራኋት። እሷ «እ» ትላለች፣ ሌላ የለም። ከዚያ ወደ ሹራቦቹ ሄድኩ። ለሕፃኑ ሦስት ሹራብ ሠርቼ ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አመድማ።

«አገሩ ብርድ ነው፤ ሁለቱን ደራርበሽ አልብሺው። ሦስተኛውን ደግሞ በላዩ ላይ —»

«እማ።»

«ቆቡንም ጀምሬዋለሁ፣ ጆሮው ድረስ የሚደርስ —»

«እማ፣ ተይ እስቲ። ልጁ እኮ...»

ጸጥ አለ። ቀና ስል መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተዋል።

ምን ልትል እንደነበር አልጠፋኝም። ልጁ እኮ ይሞቀዋል፤ ይኸው ነው። እሷን ትንሽ ሳለች ሦስት ሹራብ ደራርቤ ነበር ትምህርት ቤት የምልካት። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ሳለች ወድቃ ተሸክመው አመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሹራብ ካነሳሁ «እማ፣ ተይ እስቲ» ማለት ልማዷ ነው። እንደውም ፈገግ አልኩ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ «ሐሙስ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጠፋ። ልጄ እያወራች።»

መብራቶቹ ሲመለሱ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስተኛ ላይ መጥራቱንም ተወ።

ተናደደች፣ አልኩ። ዘጋችብኝ ብላለች። ነገ ይበርድላታል። የዚያን ቀን ዋይፋዩን እንደ ታመመ ሰው አየሁት። የድሮ የሱፍ ሻርፔን አጥፌ በፎጣው ላይ ደረብኩለት፣ በላዩም ላስቲክ አለበስኩት፣ የልጄን ፎቶ መልሼ አቆምኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ስልኩን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አልደወለችም። በመሐል ዋይፋዩ ሁለት ጊዜ ጠፋ። እነሆ፣ ልጄ ስትደውል ይሄ እርጉም ጠፍቶ እያጣችኝ ነው፣ አልኩ። በድምፅ እየቀዳሁ ላክሁላት። «ልጄ፣ አልዘጋሁብሽም፣ ዋይፋዩ ነው።» አሥራ አራት ጊዜ ላክሁ። አንዱንም አልከፈተችውም። የዚያን ያስረገዛትን ሰውዬ ስልክ ቁጥር እንዳልፈልግ አላውቀውም። ስሙን እንኳ ደግሜ አልጠየቅኳትም። «ሰውየው» ነበር የምለው።

ልብስ ሰፊዋ «አንዴ የዘጋ ሰው ምንም ቢል አይታመንም» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አፏ ነው እንደ መርፌዋ የሚወጋ።

ዋይፋዩን ነቅዬ ለጋሽ ሽቦ ወሰድኩላቸው። ሦስት ቀን ባንኮኒያቸው ላይ አበሩት። አንዴም አልጠፋም።

«አንቺን ነው የሚጠላው» አሉኝ እየሳቁ። ዓይኔን እንባ ሲሞላው ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። «በይ መልሰሽ ትከዪው። ነገ እኔው ቤት መጥቼ አየዋለሁ።»

እንግዳ ይመጣል ብዬ ቤቱን አጠብኩ፤ ዳንቴሉን አጥቤ ተኩሼ፣ ሁሉንም እንደነበረ መልሼ አለበስኩት። ጋሽ ሽቦ ገቡና ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ራውተሩ የታለ?»

«እሱ ነው እኮ።»

«የቱ?»

«ከፎቶው ሥር።»

ፎቶውን አንስተው ሰጡኝ። ላስቲኩን አነሱ። ሻርፑን አነሱ። ፎጣውን አነሱ። አንድ በአንድ እቅፌ ላይ እያኖሩ ዳንቴሉ ላይ ሲደርሱ ዕቃውን በእጃቸው ነክተው ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ኧረ ጉድ! ይሄ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የተገነዘው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው፣ ጋሼ።»

«እህቴ፣ እነዚህን ቀዳዳዎች አየሻቸው? በእነሱ ነው የሚተነፍሰው። ደግሞ አርጅቷል፤ ያረጀ ነገር ሙቀት አይችልም። ወሬ ሲረዝም ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ በረድ ሲልለት ይነሳል። እኔ ሱቅ ራቁቱን ስለነበር ነው ያልጠፋው።» ደብተሬን አገላበጡ። «በጠፋ ቁጥር ምን ታደርጊለት ነበር?»

«አንድ ጨርቅ እጨምርለት ነበር።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ደብተሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው» ብቻ ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዋይፋዩ ጠፍቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሐሙስ ሲደርስ አረንጓዴዋ መብራት እንደበራች ከስምንት እስከ ማታ ጠበቅኩ። ሌላ ሐሙስ መጣ፤ መብራቷ በርታለች። ሌላም። እያደር ገባኝ። ተበላሽቶ ሳለ ልጄ ትደውላለች፣ የሚያስቀርብኝ ዕቃው ነው፣ እል ነበር። አሁን የምሳብብበት የለኝም። መንገዱ ክፍት ነው፣ የሚመጣበት ግን የለም። አንዳንዴ ሻርፑን አንስቼ መልሼ ልደርብበት ይቃጣኝ ነበር።

ወሩን በጣቴ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሞላ። አለፈው። ልጁ ተወልዷል፤ ለእኔ አልተነገረኝም። ወንድ መሆኑን ነግራኝ ነበር፤ ማንን ይመስል ይሆን? ሦስቱ ሹራቦች ታጥፈው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እየጠበቡት ነው፣ አልኩ በልቤ።

አንድ ጥዋት ክፍል ውስጥ እርሳሴን ይዤ ዝም ብዬ ስቀመጥ መምህርቷ አጠገቤ መጣች። በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ነገርኳት።

«ድምፅ ካልከፈቱት አይሰማም» አለችኝ። «ጽሑፍ ግን ባይከፈትም ስልኩ ፊት ላይ ብቅ ይላል። ሳትፈልግም ቢሆን ዓይኗ ያየዋል። ለምን አይጽፉላትም?»

«በእኔ እጅ?»

«በማን እጅ ሊሆን ነው?»

ቤቴ ሄጄ መጀመሪያ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ እየፈለግሁ ነካሁት። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ እኔ ነኝ እናትሽ። አልዘጋሁብሽም። ዋይፋዩ ነው የጠፋው። ልጁ በሰላም ተወለደ ወይ። ስሙን ጻፊልኝ አነበዋለሁ።»

ላክሁት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዋይፋዩ አጠገብ አስቀምጬ እጄን በጉያዬ ከትቼ ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየም፣ ጮኸ። ሦስት ወር ሊሞላው ሲል ልጄ መለሰችልኝ። ከፍቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

«ማን ነህ? እናቴ መጻፍ አትችልም። ስልኳን የት አገኘኸው? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? እናቴ ምን ሆነች?»

ደግሜ አነበብኩት። ጭካኔ የምትለው ነገር አልገባኝም። እኔን ሌባ አድርጋኛለች፤ ሌባውን ደግሞ ስለ እኔ ትጠይቀዋለች። እናቴ ምን ሆነች ትላለች።

ልደውልላት ጣቴን አነሳሁና ፈራሁ። በድምፄ ባትሪ አልቆ ነው ብያታለሁ፤ በድምፄ ሰው መሆኑንማ መች አጣሁት ብያታለሁ። ደብተሬን ከፈትኩ። ያቺ ሐሙስ ያለችበትን ገጽ አገኘሁ፤ ከላይዋ አሥራ አንድ መስመር፣ ከታችዋ ዘጠኝ መስመር፣ ሁሉም «ጠፋ» «ጠፋ» የሚሉ። ፎቶ አነሳሁት። አውራ ጣቴ ጥጉ ላይ ገብታለች፤ ጥፍሯ ለሁለት የተሰነጠቀችው፣ ልጄ ሕፃን ሆና ስትጠባ የምትይዛት። ሌላ ላንሳ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። እንዲሁ ላክሁት።

አየችው። ማየቷን የሚነግረው ምልክት መጣ። እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ ያሳያል፤ ትጽፋለች፣ ትተዋለች፣ ትጽፋለች።

«እማ» ይላል መጀመሪያው። ለብቻው ነው የላከችው።

ቀጥሎ ሌላ መጣ። እኔ እንደ ሌላው ሰው በአንድ እይታ አላነብም። ለሌላው ሰው ክፉ ወሬ እንደ ጥፊ ይመጣበታል፤ ለእኔ ግን ፊደል በፊደል፣ በገዛ ጣቴ እየመራሁት መጣ። «ያን» አልኩ። «ቀን» አልኩ። «ልጁ» አልኩ። «እኮ» አልኩ። እዚያ ላይ ጣቴ ቆመች። ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ወር ሙሉ በልቤ ስጨርሰው ኖሬያለሁ፤ እኔ የምጨርስበት ቃል፣ «ይሞቀዋል»፣ ረጅም ነው። ከጣቴ ፊት ያለው ግን አጭር ነው። ሳላነበው አውቄዋለሁ። ቢሆንም መምህርቷ እንዳስተማረችኝ ድምፄን አውጥቼ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ አነበብኩት።

«ሞተ ነው ያልኩሽ። ከነገርኩሽ በኋላ ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። ዝም አልሽ።»

ከዚያ ጉንፋኑ ገባኝ። አውሪኝ ያለችው ገባኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሞተ ልጅ በሆዷ ይዛ፣ ወይ ከሆዷ ወጥቶ፣ እኔ ሹራብ ስደራርብበት ስትሰማኝ እንደነበር ገባኝ። ዛሬ ጥዋት «ስሙን ጻፊልኝ» ያልኳትም ገባኝ።

ስልኩ ጮኸ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ደውላ አታውቅም። አነሳሁት።

«እማ፣ አለሽ?» አለች።

«አለሁ።»

እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ዝም ስንል ትደነግጥና «እማ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል ብዙ ቆየን። ዓይኔ ከአረንጓዴዋ መብራት አልተነሳም። ዳንቴሉ፣ ፎጣው፣ ሻርፑ፣ ሁሉም ከወንበሩ ላይ ተቆልሏል።

«የዘጋሽብኝ መስሎኝ» አለች። «እሷ ድሮም አልፈለገችውም ብዬ።»

«ሳልፈልገው ሦስት ሹራብ?» አልኳት። ልቆጣ ፈልጌ አልነበረም፤ እንዲያ ሆኖ ወጣ።

እንደ ሳቅ ያለ ነገር ሰማሁ፤ ወዲያው ለቅሶ ሆነ።

«አሉ?» አለች። «አልተረተርሻቸውም?»

«ምን በደሉኝና እተረትራቸዋለሁ?»

«የሆስፒታሉ ጨርቅ ስስ ነበር፣ እማ» አለችኝ። «በእሱ ነው ጠቅልለው የሰጡኝ። ያን ቀን ደግሞ በጣም ብርድ ነበር።»

ድሮ ቢሆን ብዙ እል ነበር። ደርበሽ፣ ሸፍነሽ፣ አሙቀሽ እል ነበር። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ከጆሮዬ አጠበቅኩት።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት። «አለሁ፣ ልጄ።»